ሰውነትን ማሠራት ለተማሮች አእምሮ ስለሚሰጠው ጥቅም
(በድሬዳዋ፥ በሳቢያን፥ በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተነገረ)



ኢዮቤልዩ በኦሪት ሥርዓት የዕረፍትና የነፃነት ዓመት ነው። ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ በ50ኛው ዓመት ምድር እንድታርፍ፥ ባሪያም ነፃ እንዲወጣ ታዝዞ ነበር። ያረፈ መሬት ከማያርፍ መሬት ይልቅ እንዲያፈራ ገበሬ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ በዚህ በዓል ስለ ሌላ እርሻ መናገር የተገባ ነው፤ እርሱም የልጆች አእምሮ ነው። የንግግሩም ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፤ ልጅን ቀኑን ሙሉ በመጽሐፍ ፊት አስቀምጦ ማዋል ዕውቀቱን አያበዛለትም፤ በየቀኑ ለሩጫና ለጨዋታ የሚሰጠው አንድ ሰዓት ለትምህርቱ የተከፈለ ዋጋ ነው እንጂ ከትምህርቱ የተሰረቀ ጊዜ አይደለም።

ይህን ነገር ዛሬ መናገር ያስፈለገበት ምክንያት አለ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ተማሮች መካከል ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. ቍጥሩ ከፍ ቢል ከመቶ 5.4 ደረሰ። ይህ ወሬ በየቤቱ በተሰማ ጊዜ ወላጆች ሁሉ ደነገጡ፤ መደንገጣቸውም የሚያስወቅሳቸው አይደለም። ነገር ግን የደነገጠ ሰው ብዙ ጊዜ በእጁ የቀረበለትን ይይዛል። ብዙ ወላጆችም በእጃቸው የቀረበውን ያዙ፤ ይኸውም የልጁን ጨዋታ መከልከል ነው። «ኳሱን ተው፥ ተቀመጥና አጥና» የሚለው ቃል በየግቢው ይሰማል። በብዙ ትምህርት ቤትም ፈተና ሲቀርብ የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ወይም ለእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የማይፈተኑበት ትምህርት ስለ ሆነ የሚሟገትለት የለምና። ልጁም ከወንበር ተነሥቶ ወደ ወንበር ይሄዳል፤ ከዚያም ሲሰለቸው ስልኩን ይዞ በአልጋው ላይ ይተኛል። ወላጁ ልጄ አጠና ብሎ ደስ ይለዋል፤ ፈተናው ሲመጣ ግን የተነበበው ሁሉ በልቡ አልተቀመጠም።

አሁን ሥጋ ለአእምሮ እንዴት እንደሚያገለግል እንመልከት። የሰው አንጎል ከመላው የሰውነት ክብደት ከመቶ 2 ያህል ነው፤ ነገር ግን ሰው ባረፈበት ጊዜ እንኳ ሰውነት ከሚፈልገው አየርና ኀይል ከመቶ 20 ያህሉን ብቻውን ይወስዳል። ይህንንም ቀለብ የሚያደርስለት ደም ነው፤ ደሙን የሚያመላልሰው ልብ ነው፤ ልብን የሚያጠነክረውም እንቅስቃሴ ነው። ሰው በሮጠ ጊዜ ልብ ይፈጥናል፤ ሳንባ ይሰፋል፤ ወደ አንጎልም ንጹሕ አየር የያዘ ደም በብዛት ይወጣል። ከዚህም ሌላ ሰውነት በሚሠራበት ጊዜ የአንጎልን ሕዋሶች የሚመግብና እርስ በርሳቸው የሚያያይዝ ንጥረ ነገር በአንጎል ውስጥ እንደሚጨምር ሊቃውንት ደርሰውበታል። በአንጎልም ውስጥ አዲስ ነገር የሚያዝበት አንድ ክፍል አለ፤ ቅርጹ ስለሚመስል በጽርእ ቋንቋ በባሕር ፈረስ ስም ይጠራል። ልጅ የተማረውን ትምህርት በልቡ ለማኖር የሚያስፈልገው ይህ ክፍል ነው፤ ከእንቅስቃሴም ብዙ ከሚጠቀሙት የአንጎል ክፍሎች አንዱ እርሱ ነው።

ይህም ነገር በግምት የተነገረ አይደለም፤ ተፈትኖ የታየ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የታተመ አንድ ምርመራ አለ። ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 80 የሆነ 120 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ፤ እኩሌቶቹ በሳምንት ሦስት ቀን እስከ 40 ደቂቃ በእግራቸው ፈጠን ብለው እንዲሄዱ ተደረገ፤ እኩሌቶቹ ሰውነታቸውን በማፍታታት ብቻ ቈዩ። ዓመቱ ሲፈጸም አንጎላቸው በመሣሪያ ቢታይ፥ ያ የባሕር ፈረስ የተባለው ክፍል በሚሄዱት ዘንድ ከመቶ 2 ያህል አድጎ ተገኘ፤ በሌሎቹ ግን እንደ ሽማግሌ ልማድ ቀንሶ ነበር። እነዚህ ሽማግሎች እንኳ በመሄድ ብቻ ይህን ካገኙ፥ ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ ምን ያህል ይጠቀም ይሆን?

ስለ ልጆችም የተደረገ ምርመራ አለ። በዚያው አገር፥ በኢሊኖይ ግዛት፥ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 9 ዓመት የሆነ 221 ልጆች ተመርጠው እኩሌቶቹ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ዘጠኝ ወር ሙሉ በሩጫና በጨዋታ ሠለጠኑ። ምርመራው በ2014 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሲታተም የታየው ይህ ነው፤ የሠለጠኑት ልጆች ልባቸውን ሰብስበው የማዳመጥና የሚያስቱ ነገሮችን የመተው ችሎታቸው ከሌሎቹ ይልቅ ጨመረ፤ ከሠለጠኑትም መካከል አብልጠው የተገኙት አብልጠው ተጠቀሙ። ከዚያ አስቀድሞ በ2009 ዓ.ም. በወጣ ሌላ ምርመራ፥ 20 ደቂቃ ብቻ የሄዱ ልጆች ከተቀመጡበት ጊዜ ይልቅ የንባብ ፈተናቸውን አሻሽለው ሠሩ።

በካናዳ አገር፥ በኬቤክ ግዛት፥ ትሯ ሪቪዬር በምትባል ከተማ አካባቢ የተደረገው ግን ለወላጆች ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ ለብዙ ዓመት ከ500 በሚበልጡ የመጀመሪያ ደረጃ ተማሮች ላይ ተፈተነ። ለአንዱ ወገን በየቀኑ አንድ ሰዓት የሰውነት ትምህርት ተጨመረለት፤ ሰዓቱም የመጣው ከሌሎች ትምህርቶች ተቀንሶ ነበር። ሰው ሁሉ የሚጠብቀው እነዚህ ልጆች በትምህርታቸው ወደ ኋላ ይቀራሉ ብሎ ነው። ነገር ግን የትምህርት ጊዜያቸው ሲቀነስ ውጤታቸው አልቀነሰም፤ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላም ከጓደኞቻቸው በልጠው ታዩ። እንግዲህ የተወሰደው ሰዓት አልጠፋም ማለት ነው፤ በቀሩት ሰዓቶች ውስጥ ልጁ የበለጠ ስለ ሰማ ተመልሶ ተከፈለ።

ይሁን እንጂ ነገርን ከልኩ ማሳለፍ አይገባም። ሩጫ ብቻውን ሒሳብ አያስተምርም። ኳስ ሲጫወት የሚውል ልጅ መጽሐፉን ካልገለጠ ኳሱ ምንም አያነበንብለትም። እንቅስቃሴ የሚሰጠው ጥቅም በአንድ ልጅ ብዙ፥ በሌላው ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ጎበዝ ተማሪ ሁሉ ሯጭ፥ ሯጭ ሁሉ ጎበዝ ተማሪ አይደለም። የሚያደርገው ይህ ነው፤ ልቡናን ያነቃል፤ ልጁ የሰማውን እንዲይዝ ያግዘዋል፤ ጭንቀትን ያቀልለታል፤ ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ይሰጠዋል። እርሻው በደንብ ታርሶ ይለሰልሳል፤ ዘሩን ግን መምህሩና መጽሐፉ ይዘሩታል።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ይህን ነገር በመሣሪያ ሳይመረምር በሥራ ያውቀው ነበር። የቅኔ ተማሪን ኑሮ ያየ ሰው ይመስክር። በዋሸራ ቢሆን፥ በጎንጅ ቢሆን፥ በዋድላ ቢሆን፥ ተማሪው ከመምህሩ እግር ሥር ግሱንና አገባቡን ሰምቶ ሲያበቃ፥ ቅኔውን የሚቈጥረው በጎጆው ተቀምጦ አይደለም። ወደ ጫካው፥ ወደ ሜዳው፥ ወደ ወንዙ ዳር ይወጣል፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተመላለሰ፥ እየቆመና እየሄደ ሰሙን ከወርቁ ያገናኛል። ማታ ተመልሶ በመምህሩ ፊት ይነግራል። እግሩ ባይንቀሳቀስ ልቡ ይታሰር ነበር። የዜማም ተማሪ እንዲሁ ነው። አቋቋም የሚማር ሰው መቋሚያውን ይዞ ሌሊቱን ቆሞ ያድራል፤ በዝማሜ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ጽናጽሉን ያነሣል፤ ከበሮውን ይመታል፤ በወረብ ከጓደኞቹ ጋር እግሩን አስተባብሮ ይረግጣል። ያን የሚያህል ብዙ ድጓና ዝማሬ ያለ መጽሐፍ በቃል የሚያዘው በቃል ብቻ ተሰምቶ አይደለም፤ በእጅና በእግርም ስለ ተጻፈ ነው። ሰውነቱ ራሱ ብራና ሆኖለታል።

የቆሎ ተማሪ ደግሞ አኰፋዳውን ተሸክሞ፥ ደበሎውን ለብሶ፥ በትሩን ይዞ ከመንደር ወደ መንደር ይዞራል፤ ለመምህሩ ውኃ ይቀዳል፥ እንጨት ይሰብራል። ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ደብር መምህር ፍለጋ ብዙ ቀን በእግሩ ይጓዛል። ስንት ተማሪ በረኃብና በበሽታ እንደ ወደቀ የሚታወቅ ስለ ሆነ ችግሩ የሚመሰገን አይደለም። ነገር ግን ያ ትምህርት ቤት ልጅን ከጧት እስከ ማታ በአንድ ወንበር ላይ አላሰረውም። ለገና በዓልም ሜዳ ወጥቶ ከመንደሩ ጎረምሶች ጋር ገና ሲመታ የሚነቅፈው አልነበረም።

የጽርእ ሊቃውንትም እንዲሁ ነበሩ። አፍላጦን በአቴና ከተማ አጠገብ ትምህርቱን ያስተማረበት አካዴሚያ፥ ደቀ መዝሙሩ አርስጣጣሊስም ያስተማረበት ሊቅዮስ፥ ሁለቱም ወጣቶች ትግልና ሩጫ የሚለማመዱባቸው ቦታዎች ነበሩ። የፍልስፍናው ጉባኤ የተተከለው በስፖርቱ ሜዳ መካከል ነው።

አንዳንድ ምእመናን ግን «ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በጻፈው በፊተኛው መልእክት የሥጋ ልምምድ ጥቅሙ ጥቂት እንደ ሆነ አልተናገረምን?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱም በዚያው ቃል ውስጥ ይገኛል። ሐዋርያው ጥቂት አለው እንጂ ከንቱ አላለውም፤ ያነጻጸረውም ለዘለዓለም ከምትጠቅም ከእግዚአብሔር አምልኮ ጋር ነው። ለቆሮንቶስ ሰዎችም ሲጽፍ በሩጫ ሜዳ የሚሽቀዳደሙትን ሰዎች ለክርስቲያን ትጋት ምሳሌ አድርጎአቸዋል። ይህንን ነገር የቅኔ ቤት ልጅ በቀላሉ ያስተውለዋል። የወርቅ አንጥረኛ ጌጡን ሊያፈስ ሲፈልግ አስቀድሞ በሰም ቅርጹን ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ለብጦ በእሳት ያቀልጠዋል፤ ሰሙም ፈስሶ ሲወጣ ወርቁ በቦታው ይገባል። ሰሙ ጠፊ ነው፤ የሚፈለገውም ወርቁ ነው። ነገር ግን ሰሙ የተጣመመ እንደ ሆነ ወርቁም ተጣሞ ይወጣል። ሥጋ ሰም ነው፤ ዕውቀት ወርቅ ነው፤ ሰሙን የሚንቅ አንጥረኛ ወርቁን ያበላሻል።

እንግዲህ ወደዚህ ወደ ድሬዳዋ ወደ ሳቢያን እንመለስ። ይህች ከተማ በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው የምድር ባቡር ሲደርስባት የተመሠረተች የሠራተኛ ከተማ ናት፤ ስፖርትን ለማወቅም ከማንም ወደ ኋላ አልቀረችም። የጥጥ ፋብሪካው የእግር ኳስ ቡድን በ1950ዎቹ ዓመታት ከአንድ ጊዜ በላይ የኢትዮጵያ አሸናፊ ሆኖ ነበር። በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በኢትዮጵያ በተደረገ ጊዜ ከአዲስ አበባ ሌላ የተመረጠችው ከተማ ድሬዳዋ ነበረች፤ ዋንጫውን የወሰዱት የሞሮኮ ተጫዋቾችም የመጀመሪያ ግጥሚያዎቻቸውን የተጫወቱት በድሬዳዋ ነው። ይህ ሁሉ ክብር ነው። ነገር ግን ኳስን ከማየት የሚገኘው ደስታ እንጂ ጥንካሬ አይደለም። የሳቢያን ልጅ ዛሬ በቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ የእንግሊዝን ቡድኖች ስም አንድ ባንድ ይቈጥራል፤ እርሱ ራሱ ግን በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ላይሮጥ ይችላል። ሰውነት የሚጠቀመው የሚያላብ ሰው ነው እንጂ የሚያጨበጭብ ሰው አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ልብን የሚያፈጥን እንቅስቃሴ እንዲያደርግ መክሮአል። ነገር ግን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እስከ 2016 ዓ.ም. ከ146 አገሮች የተሰበሰበው ቍጥር እንደሚያሳየው፥ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ተማሮች ከመቶ 81 ይህን መጠን አያደርሱም፤ ሴቶች ልጆች ለብቻቸው ሲቈጠሩ ከመቶ 85 ያህል ናቸው።

ስለ ሴቶች ልጆች ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ሴት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ማድቤት ትገባለች፤ ውኃ ትቀዳለች፥ ታናናሾችዋን ትጠብቃለች፤ ይህም ድካም ነው። ነገር ግን የሥራ ድካምና የጨዋታ ድካም አንድ አይደሉም፤ አንዱ ልብን ያደክማል፥ ሁለተኛው ልብን ያሳርፋል። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ደግሞ «ነውር ነው» ተብላ ከሜዳ ትወጣለች። በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ከተማ በ10,000 ሜትር ሩጫ አሸንፋ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋን የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች ደራርቱ ቱሉ የኢትዮጵያ ልጅ ናት። በእርስዋ ድል ያልኰራ አባት የለም፤ እንግዲህ በደራርቱ የኰራ አባት የገዛ ልጁን ከሜዳ ሊከለክል አይገባውም።

ጨዋታው ግን በጥበብ ይሁን። የድሬዳዋ ምድር ቈላ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ 1,200 ሜትር ያህል ነው፤ በሙቀቱ ወራት በቀትር ጊዜ የሚሮጥ ልጅ ጥቅም ሳይሆን በሽታ ያተርፋል። ስለዚህ የሩጫ ጊዜ ከጧቱ 3 ሰዓት በፊትና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ልጁም ከጨዋታው በፊትና በኋላ ውኃ ይጠጣ። በጾም ወራት የሚጾም ልጅ እስኪመገብ ድረስ ቀስ ብሎ መሄድ ይበቃዋል፤ ሩጫውን ከማዕድ በኋላ፥ ምግቡ ሲበርድለት ያድርገው። ቈርሶ ያልመጣ ልጅም አስቀድሞ የሚያስፈልገው እንጀራ ነው፤ የተራበን ልጅ ማስሮጥ ጭካኔ ነው። የሚጫወቱበትም ቦታ ይመረጥ። ልጆች የደቻቱን አሸዋ ይወዱታል፤ በበጋ ሰፊ ሜዳ ነውና። ነገር ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን እንደ ወሰደ የድሬዳዋ ሰው አይረሳውም። ዝናቡ በሩቅ ተራራ ላይ ሲዘንብ ከተማው ውስጥ ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በክረምት ማንም ልጅ በወንዙ ውስጥ አይጫወት። በመንገዱም ላይ ባጃጅ ብዙ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሥራው ለሦስት ወገን ይከፈላል።

አንደኛው የወላጅ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወዲያው «ተቀመጥና አጥና» አይባል፤ ጥቂት ይብላ፥ ከዚያም አንድ ሰዓት ይጫወት፥ ከዚያ በኋላ በነቃ ልብ መጽሐፉን ይያዝ። ፈተና ሲቀርብም ይህ ሰዓት ቢያጥር እንጂ አይቅር። ትምህርት ቤቱ በእግር የሚደረስበት ከሆነ በእግሩ ይሂድ።

ሁለተኛው የመምህሩ ነው። የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ለሌላ ትምህርት አይሰጥ። ከአንድ ክፍለ ጊዜ ወደ ሌላው ሲተላለፉ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ተማሮቹን አስነሥቶ ማንቀሳቀስ ሜዳም ገንዘብም አይጠይቅም። በኳስ የማይሳካለት፥ ወይም አካሉ የጐደለ ልጅም ከዳር ቆሞ ተመልካች አይሁን፤ ለእርሱ የሚስማማ እንቅስቃሴ ይፈለግለት።

ሦስተኛው የደብሩ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ወረቡንና ከበሮውን ቆመው፥ በሙሉ ሰውነታቸው ይማሩ፤ በመጽሐፍና በስልክ የተጻፈውን ብቻ እያዩ አይቀመጡ። በቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሴ በሌለበት ሰዓት ከደብሩ አጠገብ ያለው ባዶ ቦታ ለልጆች ጨዋታ ቢፈቀድ፥ አንድ ሽማግሌም ቢጠብቃቸው፥ ልጆቹ ከጫትና ከክፉ ባልንጀራ ይድናሉ፤ ደብሩንም የራሳቸው ቤት አድርገው ይወዱታል።

ወዳጆች ሆይ፤ ዛሬ ይህን ደብር ያቆሙት አባቶችና እናቶች በክብር ይታሰባሉ። ድንጋዩን በጫንቃቸው ተሸክመው፥ ውኃውን በእንስራ ቀድተው ላከናወኑት ሥራ ጸሎታቸውና ጕልበታቸው በአንድነት አገልግለዋል። ልጆቻቸውም እንዲህ ይሁኑ፤ መጽሐፍ የሚይዙበት ልብና መጽሐፉን ተሸክሞ የሚሄድ ጕልበት አብሮ ይኑራቸው። በሚቀጥለው ኢዮቤልዩ በዚህ ስፍራ ቆመው ስለዚህ ደብር የሚናገሩት ዛሬ በየቤቱ «ተቀመጥ» የሚባሉት ልጆች ናቸውና፥ ነገ ማታ ፀሐይ ሲበርድ ተነሡ በሉአቸው።

እግዚአብሔር ልጆቻችሁን በአእምሮም በቁመትም ያሳድግላችሁ። አሜን።